የጋሼ ቻንሽር

እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ተመልሼ የመጀመሪያዋን ጉርሻ ሳነሳ ስልኬ ጮኸ። የአክስቴ ባል ናቸው። ጋሼ ሲደውሉ ከብቱ ሰዉ ደኅና መሆኑን ሳይጠይቁ ወደ ጉዳይ አይገቡም፤ እዚህ አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ ውስጥ እንኳን ከብት የረባ ድመት እንደሌለኝ ቢያውቁም። ያን ቀን ግን ሰላምታውን ዘለሉት።

«አንተ ልጅ፣ ቶሎ ና። ምንሽር ገዛሁ።»

«ምንጣፍ» ያሉ መስሎኝ «እንኳን ደስ አለዎት፣ ስንት በስንት ነው?» አልኳቸው።

«አምስት ጎራሽ ናት» አሉና ስልኩን ዘጉት።

ስደርስ አክስቴ በሩ ላይ ቆማ ጠበቀችኝ። እጇን አጣምራ፣ ከንፈሯን ነክሳ። «ግባና የአጎትህን አራስ ጠይቅ» አለችኝ። ገባሁ። እውነትም አራስ የመሰለ ነገር ሳሎኑ ጠረጴዛ ላይ በጋቢ ተጠቅልሎ ተኝቷል። ጋቢው የአክስቴ ነው፤ እናቷ ፈትላ የላከችላት። ጋሼ ጥቅልሉን ሲፈቱት ቤቱን የጋራዥና የሻማ ሽታ ሞላው። ከውስጡ የወጣው ጠመንጃ ከአፈሙዝ እስከ ሰደፍ ቡናማ ቅባት ተለድፎበታል፤ የቀለጠ ጥቁር ስኳር ላይ የወደቀ ዱላ ይመስላል። ጋቢውም ከዚያ ቀን ጀምሮ ጋቢ መሆኑ ቀረ።

ጋሼ ጠመንጃን በሴት ነው የሚጠሩት፤ እኔም እንደሳቸው ልበል። ያገኟት ቻንቲሊ በሚደረገው የጠመንጃ ባዛር ላይ ነው። እንዲህ ያለ ባዛር ያላያችሁ መርካቶ ሸማ ተራን አስቡ፤ በሸማው ፈንታ ጠመንጃ ይደርደርበት፣ ነጋዴው ከመሸጡ በፊት መታወቂያዎን ተቀብሎ በመንግሥት በኩል ወንጀለኛ አለመሆንዎን ያጣራ። ጋሼ ተጣርተው አለፉ። 400 ዶላር ከፈሉ። ሻጩ «የሩሲያ ናት» ብሏቸዋል። እሳቸው ደግሞ ምንሽር መሆኗን በዓይናቸው አረጋግጠዋል። ሁለቱም፣ እንደምታዩት፣ ተሳስተዋል፤ ደግሞም፣ እንደምታዩት፣ ሁለቱም አልተሳሳቱም።

ለጋሼ ትውልድ ማቀባበያ ያላት የእንጨትና የብረት ጠመንጃ ሁሉ ምንሽር ናት። ጎጃም ውስጥ አባታቸው ቤት ግድግዳ ላይ አንዲት ተሰቅላ ነበር። ልጅ አይነካትም፣ ሴት አታቋርጣትም፣ እንግዳ ሲመጣ ግን ሁሉም ሰው እንዲያያት ተደርጋ ትሰቀላለች። ጋሼ በሕይወታቸው የነኳት አንድ ጊዜ ነው፤ ለዚያም ተገርፈውባታል። አንድ ቀን ከቤት ወጣች፤ አልተመለሰችም። ስለዚህ ነገር ከዚህ በላይ አይናገሩም፤ እኔም ጠይቄ አላውቅም።

የጠመንጃ ስም ነገር አገራችን ላይ ብዙ ጉድ አለው። ፈረንሳዮች «ፉዚ ግራ» ያሉትን አባቶቻችን ውጅግራ ብለው አጠመቁት። ስናይደር ስናድር ሆነ። የኦስትሪያው ማንሊኸር ምንሽር ተብሎ ሽለላ ውስጥ ገባ፤ አሁን ማንሊኸር የሚባል ሰው ከመቃብር ተነስቶ ቢመጣ ስሙ የራሱ መሆኑን ማስረዳት ይከብደዋል። የቤልጅየሙ ቤልጅግ ነው። የመጣበትን አገር፣ የሠራውን ሰው፣ የጆሮአችንን ስንፍና፣ ሁሉንም በአንድ ቃል ጠቅልለን እናነግታለን።

ጋሼን ያሳሰባቸው ግን ቁመቷ ነበር። ክንዳቸውን ዘርግተው ለኳት። «ታጥራለች» አሉ በሐዘን። አንድ ሜትር ከሁለት ሳንቲም ብትሆን ነው። በዚያ ላይ ከአፈሙዟ ሥር፣ በቀኝ በኩል፣ አራት ሥለት ያለው ቀጭን ሳንጃ ተጣጥፎ ተኝቷል። ጫፉን ሳብ አድርገው ሲያዞሩት ቀጭ ብሎ ቀጥ ይላል። ምንሽር እንዲህ ያለ ጠባይ የላትም።

አክስቴ ከወጥ ቤት ብቅ ብላ አየችው። «ይሄ ደግሞ ለምን ይሆናል?»

«ሽሮ ለማማሰል» አሉ ጋሼ። የዚያን ዕለት እራት አልቀረበላቸውም።

ማንነቷን የማጣራቱ ሥራ በጨርቅ ተጀመረ። ቅባቱን አሜሪካኖቹ ኮስሞሊን ይሉታል፤ ከነዳጅ ዘይት የሚወጣ ነገር ነው፤ መጋዘን ውስጥ ዓመታት የሚቀመጥ ብረት እንዳይዝግ ይለደፍበታል። ጥበቃውን አሳምሮ ያውቅበታል፤ መልቀቅን ግን አልተማረም። የቀለም ማቅጠኛ እያስነካሁ ስጠርግ፣ ከማቀባበያው ፊት ብረቱ ላይ ሦስት ማዕዘን ብቅ አለ። መሀሉ ላይ 26 የሚል ቁጥር። ጋሼ መነጽራቸውን አደረጉ።

«ዕድሜዋ ይሆን?»

«ከ26 በላይ ትመስላለች» አልኩ።

ቀጥሎ 53 መጣ፤ አጠገቡ የሩሲያም የላቲንም ያልሆነ፣ ሠርቶ የረሳው ሰው የጣለው የአጥር ርብራብ የመሰለ ፊደል። ዝቅ ብሎ 1955። ጋሼ ፊደሉን አዙረው አዙረው ካዩ በኋላ «ይህ የሞስኮብ አይደለም። ይህን እኔ የት እንዳየሁት አውቃለሁ» አሉና ወደ ማቀዝቀዣው ሄደው የምግብ ማድረሻ ሳጥን ይዘው መጡ። ሳጥኑ ላይ ያንኑ ባይሆን ዘመዱን የመሰለ ፊደል አለ። ያላቸውን ክብር የሚያውቅ ሰው በዚህ አይስቅም። እኔ ሳቅሁ።

ፎቶውን ይዘን ሳጥኑ ወደ መጣበት ምግብ ቤት ሄድን። ባለቤቷ ሴትዮ ስልኬን አየች፣ ጋሼን አየች፣ እንደገና ስልኬን አየች። «ሺ ይላል። ዓይነት ማለት ነው። 53 ዓይነት» አለችን። ከዚያ ምን እንደምናዝዝ ጠየቀችን። የሐዋርያት ጾም ነበርና ሩዙ እንቁላል እንዳይገባበት ጋሼ ሦስት ጊዜ አስጠነቀቁ። የምርመራችን ወጪ በዚህ ዓይነት 424 ዶላር ደረሰ።

የቀረውን እኔ ቤተ መጻሕፍት ገብቼ አጣራሁት። ጠመንጃዋ የሩሲያው ሞሲን ናጋንት የ1944 ሞዴል አጭር ጠመንጃ የቻይና ግልባጭ ናት፤ ቻይና በ1953 እ.ኤ.አ. ተቀብላ ስም ያወጣችላት። ሦስት ማዕዘኑና 26ቱ ቾንግቺንግ ከተማ ያለው የ296 ቁጥር ፋብሪካ ማኅተም ነው። ይህን ግኝት ይዤ እየሮጥኩ መጥቼ ሳስረዳ ጋሼ በዝምታ ካዳመጡኝ በኋላ አፈሙዟን ወደ መስኮቱ ብርሃን አዘነበሉት። እሳቸው እኔ በሌለሁበት ጠርገውታል። በርሜሉ ጎን ላይ፣ ጉንዳን የጻፈችው በሚመስል የእንግሊዝኛ ፊደል፣ ወደ አሜሪካ ያስገባት ድርጅት ስም፣ ከተማው፣ ጥይቷ 7.62 መሆኑ፣ በመጨረሻም «ቻይና» የሚል ቃል ታትሟል። የዚህ አገር ሕግ አስመጪው እንዲያትም ያስገድደዋል። ሦስት ቀን፣ አንድ ቤተ መጻሕፍትና ሩዝ በአትክልት የበላንበት ምስጢር በርሜሉ ላይ ተጽፎ ነበር።

«እና ቻይና ናት» አሉ ጋሼ። ለአፍታ ፊታቸው ጠቆረ። ገበያ ላይ «ቻይና» የሚለው ቃል ምን ማለት እንደሆነ የምታውቁ ታውቁታላችሁ። ከዚያ ዓመተ ምሕረቱን እንዳስታውሳቸው ጠየቁኝ።

«1955 እ.ኤ.አ.»

«በኛ?»

«47 ወይ 48።»

ጋሼ ተቀመጡ። እሳቸው የተወለዱት በ1948 ዓ.ም. ጥቅምት ነው፤ እናታቸው እንደነገሯቸው የጃንሆይ የብር ኢዮቤልዩ በተከበረበት ወር። ሲሰደዱ ግን ፎርም የሞላላቸው ሰው 1948ን እንዳለ ወስዶ የፈረንጅ ዓመት አደረገው፤ ቀኑን ስላላወቀው ጃንዋሪ 1 ብሎ ዘጋው። ስለዚህ እናታቸው ከሚያውቋቸው ስምንት ዓመት ሊሞላ ጥቂት የቀረው ዕድሜ ተጨምሮባቸው፣ ግማሹ ሐበሻ በሚወለድበት በዚያ ብርቱ ቀን ተወልደው ይኖራሉ። ለማስተካከል ሁለቴ ሞክረው የልደት ምስክር ወረቀት አምጡ ተባሉ። በዚያ ዘመን በዚያ ቀበሌ የልደት ምስክር ወረቀት የምትሰጠው አዋላጇ ነበረች፤ እሷም በቃል።

«ይህቺ ብረት» አሉ ጋሼ ጣታቸውን 1955 ላይ አድርገው፣ «ከኔ የተሻለ ወረቀት አላት። እኩያዬ ናት።»

ከዚያች ሰዓት ጀምሮ «ቻይና ናት» የሚላቸውን ሰው ይቀየማሉ።

የእኩያ ዘር ደግሞ ይቆጠራል። አገራችን ልጅ ሲዳር እስከ ሰባት ቤት እንደሚቆጠረው ጋሼ ጠመንጃዋን በኔ ምስክርነት ቆጠሯት። አባቷ የሩሲያው የ1944ቱ፤ የሱ አባት የ1938ቱ፤ እያለ እያለ ወደ 1891 ይወጣል። በዚያ ዓመት ሩሲያ የተቀበለችው ጠመንጃ ሰርጌይ ሞሲን የሚባል የሩሲያ መኮንንና ናጋንት የሚባሉ የሊዬዥ ቤልጅየማውያን ወንድማማቾች ሥራ የተዳበለበት ነው። «በአባቷ ሞስኮብ፣ በእናቷ ቤልጅግ» ብለው ጋሼ ደብተራቸው ላይ ጻፉ። አራት ቤት ላይ ስንደርስ የሚበቃን መስሎኝ ነበር።

«ፋብሪካውስ? ያሳደጋትስ?»

እዚህ ላይ ነው ነገሩ የተበላሸብኝ፤ ወይም የተሟላላቸው። የቾንግቺንጉ ፋብሪካ ሥሩ የሚመዘዘው ከሃንያንግ ነው። ጃንግ ጂዶንግ የሚባል የቺንግ መንግሥት ታላቅ ሹም በ1890ዎቹ መጀመሪያ ያንግትዜ ወንዝ አቅራቢያ ያቆመው የጦር መሣሪያ ፋብሪካ ነው። የጃፓን ጦር በ1938 ሲቃረብ መሣሪያው ተነቅሎ ወደ ውስጥ ተሰደደ፤ ኋላም ቾንግቺንግ ላይ ከረመ። ከጊዜ በኋላ ጂያንሼ በሚል ስም ሞተር ብስክሌትም ሠርቷል። ከስደቱ በፊት ሃንያንግ ላይ ከ1895 ጀምሮ የተሠራው ጠመንጃ ደግሞ የጀርመኑ የ1888 ሞዴል ግልባጭ ነው። ያ የጀርመን ጠመንጃ በኮሚሽን ተነድፎ፣ ጥይቱን ከነማቀፊያው በአንዴ የሚያጎርሰውን ብልሃት ከሌላ ሰው ወሰደ። ባለቤቶቹ የኦስትሪያ ሽታየር ሰዎች አቤት ብለው ካሳቸውን አገኙ። የብልሃቱ ባለቤት ስሙ ማን ነበር? ፈርዲናንድ ማንሊኸር።

ይህን ባልናገር ኖሮ። ጋሼ ከወንበራቸው ተነሡ።

«አላልኩህም? ምንሽር ናት!»

«ጋሼ፣ በጉዲፈቻ ያሳደጋት ቤት ቀድሞ የሠራው ጠመንጃ...»

«የእንጀራ አያቷ ምንሽር ነው። በቃ። ደግሞ 1888 አላልክም? የዓድዋ ዓመት!»

«ያ የፈረንጅ 1888 ነው። ዓድዋ በፈረንጅ 96 ነው።»

«ቁጥር ቁጥር ነው» አሉ። ይህን የሚሉት በቁጥር ስምንት ዓመት የተበደሉ ሰው ናቸው። በዚያው ምሽት ስሟን ቻንሽር አሏት።

ወሬው ማኅበር ደረሰ። በሚቀጥለው ሳምንት ቡና ላይ አንድ አዛውንት ጠመንጃዋን በጥርጣሬ አይተው «ይህች ኮሪያ ላይ የቃኘውን ልጆች የወጋች ናት» አሉ። ቤቱ ጸጥ አለ። ጋሼ ለእኩያቸው ጠበቃ ሆነው ተነሡ፤ የኮሪያው ተኩስ የቆመው በሐምሌ 1953 እ.ኤ.አ. መሆኑን፣ እሷ ከዚያ ሁለት ዓመት ቆይታ መወለዷን፣ ልጅም ባልተወለደችበት ጦርነት እንደማትከሰስ አስረዱ። አዛውንቱ ጥቂት አሰቡና «እንግዲያስ ዘመዶቿ ናቸው» ብለው ቡናቸውን ጠጡ።

አሁን ወደ ጥገናው። ብረቱ ቀላል ነው፤ ፈታትቶ በማቅጠኛ መንከር፣ በጥርስ ብሩሽ መፈተግ። (የማን ብሩሽ እንደሆነ አልናገርም።) ጭንቁ እንጨቱ ነው። ሰብሳቢዎቹ «ቹ» የሚሉት የቻይና እንጨት ለስላሳ ነው፤ ሁሉ ነገር ይጎዳዋል፣ ቅባቱንም ለዓመታት ጠጥቶታል። ማውጫው ሙቀት ብቻ ነው። ጋሼ ምድጃውን አዩት፤ አክስቴ ጋሼን አየቻቸው፤ ምድጃው ቀረ። ሰብሳቢዎች የሚጠቀሙበት ሌላ መላ አለ፦ እንጨቱን በጨርቅ ጠቅልሎ፣ ጥቁር የቆሻሻ ላስቲክ ውስጥ ከትቶ፣ የሐምሌ ፀሐይ ላይ የቆመ መኪና ውስጥ መተው። ቅባቱ እያላበ ጨርቁ ላይ ይወጣል።

ይሠራል። ግን እስቲ አስቡት። የአፓርታማ መኪና ማቆሚያ፣ የጋሼ አሮጌ ካምሪ፣ የኋላ ወንበር ላይ አንድ ሜትር የሚሆን በጥቁር ላስቲክ የተጠቀለለ ነገር፣ ከጫፉ ቡናማ ፈሳሽ የሚያንጠባጥብ። ጋሼም በየግማሽ ሰዓቱ እየወረዱ በሩን ከፍተው ያሸቱታል። ማታ ላይ አንዲት ጎረቤት በትሕትና «ሁሉም ሰላም ነው?» ብላ አክስቴን ጠየቀቻት። አክስቴ በእንግሊዝኛዋ የመለሰችው መልስ «ባሌ ሽማግሌ እንጨት እያላበ ነው» የሚል ነው። ሴትዮዋ ከዚያ ወዲህ በሩቁ ሰላምታ ትሰጠናለች።

የተሰረጎደውን ቦታ ለማንሣት ደግሞ እርጥብ ጨርቅ ጣል አድርጎ በጋለ ካውያ መጫን ነው፤ እንፋሎቱ ገብቶ እንጨቱን ያሳብጠዋል፤ ጉድጓዱ እያያችሁት ይሞላል። ይህን ሳይ እኔም ተገርሜያለሁ። አክስቴ የተገረመችው በማግስቱ ነጭ ቀሚሷን ስትተኩስ ነው።

እንጨቱ ገና ሳይጨረስ ጋሼ መተኮስ አለብኝ አሉ። ጠመንጃ ጠጋኝ ዘንድ ወስደናት ማቀባበያዋ ጥይቱን በልኩ መያዙን አስለካን፤ ይህን ሳያደርግ አሮጌ ጠመንጃ የሚተኩስ ሰው ፊቱን የማይወድ ነው። ቀጥለን ወደ ተኩስ መለማመጃ። ጋሼ ጥቁር ኮት ለብሰው መጡ። አምስት አጎረሷት፣ አቀባበሉ፣ ፎከሩ (በልባቸው ነው፣ ከንፈራቸው ግን ይንቀሳቀስ ነበር)፣ ሳቡ።

ጥይቷ የተሠራችው ለረጅም ጠመንጃ ነው፤ አጭር በርሜል ውስጥ ባሩዱ ተቃጥሎ ሳይጨርስ ይወጣል። ስለዚህ ከአፈሙዟ የወጣው እሳት ነው። ነጎድጓዱን ተከትሎ በግራ በቀኝ ያሉት ተኳሾች ሁሉ ጠመንጃቸውን አስቀምጠው ዞሩ። ሰደፉ ጋሼን አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ሸኛቸው። አምስቱንም ጨረሱ፤ ወረቀቱ እንደ ተሰቀለ ንጹሕ ነው። ጋሼ ወረቀቱን ጠረጠሩት። ኋላ ተቆጣጣሪው ወጣት ቀረብ ብሎ እነዚህ አጫጭር ጠመንጃዎች ዒላማቸው የሚስተካከለው ሳንጃው ተዘርግቶ እንደሆነ ነገረን፤ ሲታጠፍ ጥይቷ ሌላ ቦታ ትሄዳለች። ሳንጃውን ዘረጉት። ከሚቀጥሉት አምስት ሦስቱ ወረቀቱ ላይ አረፉ።

«ሳንጃ ሳይመዝ የሚተኩስ ወንድ ምን ወንድ ነው» አሉ ጋሼ ትከሻቸውን እያሹ። ትከሻቸው ለሁለት ሳምንት ሐምራዊ ሆኖ ሰነበተ፤ ለማኅበርተኞቹ «ዕቃ ሳነሣ» ብለዋል።

የድሮ ወታደር ጥይት ሌላም ጣጣ አለው። እሳት የሚጭርባት ክፍል ስትቃጠል ጨው ትተዋለች፤ ጨው እርጥበት ይስባል፤ በማግስቱ በርሜሉ ዝገት ያበቅላል። ዘይት ጨው አያሟሟም፤ የሚያሟሟው ውኃ ነው፣ የፈላ ቢሆን ይመረጣል። የፈላ ውኃ በጠባብ ቀዳዳ ውስጥ ሳያፈስ የሚቀዳ ዕቃ ደግሞ ሐበሻ ቤት አንድ ብቻ ነው። ጀበናውን ከነመክደኛው መታጠቢያ ቤት ሲያስገቡት አየሁ፤ አላየሁም ብዬ ምያለሁ። ጥበባቸውን ግን ልክድ አልችልም፤ ቀጭኑ አፍ ለሌላ ሥራ የተፈጠረ አይመስልም ነበር። ያን ቀን ከሰዓት የጠጣነው ቡና አቦሉ ባሩድ ባሩድ ይል ነበር። ጋሼ «ዛሬ ጥሩ ቆልተሽዋል» አሏት። አዲስ ጀበና ተገዝቷል፤ አሮጌው በይፋ የቻንሽር ነው።

የቀረው እንጨቱን ማሳመር ነበር። ጋሼ የብርጭቆ ወረቀት ገዝተው መጡ፤ ሻካራውን፣ መካከለኛውን፣ ልሙጡን። ሰደፉ ላይ የቆየ ቫርኒሽ ቅርፊት አለ፣ አንድ የደበዘዘ ማኅተም አለ፣ ምስማር የጫረው የመሰለ ሦስት መስመር አለ። «ይህን ሁሉ ፈግፍጌ እንደ መስተዋት አደርጋታለሁ» አሉ። መፈግፈግ ሳይጀምሩ ማንገቻ ስለጎደላት ቅዳሜ ተመልሰን ወደ ባዛሩ ሄድን።

አንድ ጠረጴዛ ላይ ወረቀት ተለጥፏል፤ ትልቁ ቃል «ኢትዮጵያ» ይላል። የዛሬ ጥቂት ዓመታት አገራችን መጋዘን ውስጥ የከረሙ አሮጌ ጠመንጃዎች በብዛት ተገዝተው አሜሪካ እንደገቡ ሰምቼ ነበር፤ የጣሊያን ካርካኖ፣ የጀርመኑ 88፣ የቤልጅየም ማውዘር፣ የማይገኝ የለም። ሰብሳቢዎቹ ይወዷቸዋል። መስማትና ማየት ግን ለየቅል ነው። ጋሼ እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው፣ ለቅሶ ቤት እንደሚገባ ሰው፣ ጠረጴዛውን ዞሩት። የአንዷ አንገት ተሰንጥቆ በጥሬ ቆዳ ጠፍር ተጠፍሯል፤ ጠፍሩ ሳይደርቅ ተጎትቶ፣ ሲደርቅ እንደ ብረት የጨበጠ። «ይህ የኛ እጅ ነው» አሉ። ሌላዋ ከጎኗ የተጋደመች 88 ናት፤ ሰደፏ የሚያብለጨልጭ፣ ማር የመሰለ።

ሻጩ ዓይናችንን አይቶ በኩራት አነሣት። ሁለት ሳምንት እንደፈገፈጋት ነገረን። እንጨቷ ሁሉ ጭረት ብቻ ነበር አለ፤ ሰው በቢላዋ እንደ ጻፈባት ዓይነት፣ ከዳር እስከ ዳር።

ጋሼ ጠመንጃዋን ተቀበሏት። ሰደፏን ወደ መብራቱ አዘነበሉ፣ በአውራ ጣታቸው ዳሰሱ፣ መነጽራቸውን አወለቁና እንጨቱን ወደ ዓይናቸው አስጠጉ። ከጠርዙ ላይ፣ ሻካራው ወረቀት ያልደረሰበት ጥግ፣ አንዲት ፊደል ቀርታለች። «ው» ትላለች።

ሻጩ ምን እንደሚል ጠየቀን። ጋሼ ነገሩኝ፤ እኔ ተረጎምኩ፦ የሰው ስም ነው። መጨረሻው ነው።

«ማን የሚባል?»

አያሌው ይሆናል፣ ፈንታው ይሆናል፣ ካሣው፣ ሙላው፣ ደስታው። ጎጃም ብቻ ስሙ በ«ው» የሚያልቅ ሰው ጦር ሜዳ ይሞላል። የጋሼ አባት ስምም በዚያው ያልቃል፤ ይህን ለሻጩ አልተረጎምኩለትም። ሰውዬው ክፉ አይደለም፤ ፊቱ ቀላ፣ «ባውቅ ኖሮ» አለ፣ ከዋጋው ላይ ሃምሳ ዶላር ቀነሰ። ጋሼ አልገዙም። ማንገቻውንም ረስተነው ወጣን። መንገድ ላይ አንድ ቃል ተናገሩ፦ «ደረሰኙን አስቀምጠኸዋል?»

የብርጭቆ ወረቀቶቹን ሦስቱንም በዚያው ዕለት መልሰናል።

ቻንሽር ከነጭረቷ ናት። ሦስቱ የምስማር መስመሮች ምን እንደሆኑ ጋሼ አሁንም ይከራከራሉ፤ አንድ ጊዜ የወታደር ዘብ ቁጥር ነው ይላሉ፣ አንድ ጊዜ የመጋዘን ድመት። ለእንጨቷ የሚቀባው የተልባ ዘይት ነው። ጋሼ አክስቴን መጀመሪያ «ተልባ አለሽ ወይ?» ሲሏት ሆዳቸውን ያመማቸው መስሏት በጥብጣ አቀረበችላቸው፤ ጠጡት፣ ከዚያ ዘይቱን ከዕቃ መሸጫ ገዙ። ስስ አድርጎ በመዳፍ ማሸት፣ ትርፉን መጥረግ፣ ቀን ማሳደር፣ መድገም። ዘይት የነካው ጨርቅ ተጨብጦ ከተጣለ በራሱ ግሎ እሳት ሊነሣበት እንደሚችል ሳስጠነቅቅ አክስቴ ሰማችን። «ስልሳ ዓመት ተልባ ስበላ ቤት ያቃጥላል ያለኝ የለም» አለች። ጨርቆቹ አሁን በረንዳ ላይ እንደ ቋንጣ ተዘርግተው ይደርቃሉ።

ጋሼ የዘር ሐረጓን የጻፉበትን ደብተር ገልብጠው ከኋላ በኩል አዲስ ገጽ ከፍተዋል። በየወሩ ባዛሩ ይሄዳሉ፤ «ኢትዮጵያ» የሚል ወረቀት ካለበት ጠረጴዛ ሁሉ የሰደፍ ጽሑፍ ይገለብጣሉ። እስካሁን አሥራ አንድ ስም አላቸው፤ አራቱ ሙሉ ናቸው፣ ከሰባቱ ጥቂት ጥቂት ፊደል ነው የቀረው።

አሮጌ ጠመንጃ የሚሰበስብ ጎረቤት፣ የሥራ ባልደረባ፣ የልጃችሁ አማት ያላችሁ፣ እባካችሁ ግድግዳው ላይ የሰቀለውን ሰደፍ አንድ ጊዜ እዩለት። ፊደላችን ካለበት ዘይትና ጨርቅ ይበቃዋል በሉት፤ ስሙንም ከነአባቱ ጻፉና ለጋሼ ላኩላቸው።